አትቸኩዪ፣ እታለም

እታለም፣ አብሮ አደጌ።

ልጅሽ ደውላ ደሴ የተባላችሁትን ሁሉ ነገረችኝ። ስልኩን ላንቺ ልታቀብል ስትል «ተያት፣ ትረፍ» አልኳት። በስልክ ስትጠየቂ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብለሽ ወሬውን ወደ እኔ ልጆች እንደምታዞሪው አውቃለሁ። ደብዳቤ ሲሆን ዝም ማለት ትችያለሽ። ማልቀስም ትችያለሽ። መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊትሽ የለም።

ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ቸግሮኛል። ዕድሜዬን በነርስነት የታመመ ሳጽናና ኖሬያለሁ። ለሰው የምለው አላጣም ነበር። ላንቺ ሲሆን ቃሉ ሁሉ አጠረብኝ።

እንግዲህ ባጭሩ ልበል። አሞሻል። አጥንትሽ ተሰብሯል። ስብራት ያማል፤ ሕመምም ያስለቅሳል።

ማልቀስሽ የሰብር ማነስ አይደለም። ነቢዩ ያዕቁብ በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል። ከታጋሾቹ የወጡበት ቀን ግን የለም።

ጠያቂው ሁሉ «ከዚህ የባሰ አለ» እያለሽ እንደሚሄድ ሰማሁ። በጎ አስበው ነው። በቅሬ ያደግን ሰዎች ነን፤ ሰው ቤት ገብቶ ዝም ማለት ይከብደናል። እኔ ግን ይህችን አባባል ወድጃት አላውቅም። የባሰ መኖሩ ያንቺን ወገብ አያሽለውም። የሌላውን ሕመም እዚያው ተይለት፤ ያንቺ ላንቺ ይበቃሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሐኪሙ «ምን አንስተሽ ነው?» ሲልሽ አፍረሽ «ከባድ ነገር» አልሽው አሉ።

ግማሽ ጀሪካን ውሃ ነበር።

ምን ያሳፍራል? ሙሉውን ጀሪካን አዝለሽ ስንት ዓመት ተመላለስሽ። ማሽላውን፣ እንጨቱን፣ ልጆቹን ተሸከምሽ። አጥንት ከሳሳ በኋላ ጎንበስ ብሎ ምጣድ ማንሳት ይበቃዋል። ሲያስነጥሰው የሚሰበርም አለ። የጀሪካኑ መጉደል አንቺን አያሳንስሽም።

ደግሞም ነገሩ የጀመረው የጀሪካኑ ዕለት አይደለም። ቀሚሶችሽ ከረዘሙብሽ ቆይተዋል አሉ። ጠርዛቸው አፈር ሲጠርግ ጊዜ «ጨርቁ ተለቅቆ ነው» እያልሽ አንድ በአንድ ከታች አጥፈሽ ሰፋሻቸው። የዒዱን ቀሚስ ሳይቀር። ጨርቁ አልተለቀቀም እታለም። ቁመትሽ ነው የቀነሰው። የጀርባ አጥንት ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚጨፈለቀው፤ ሰውም «ወገቤን ብርድ መታኝ» ብሎ ያልፈዋል። ራጁ ላይ ከፊት ተጨፍልቀው ሽብልቅ የመሰሉትን አጥንቶች ሐኪሙ ሲያሳያችሁ ልጅሽ መጀመሪያ ያሰበችው ስለነዚያ ቀሚሶች ነው። ይህን ስትነግረኝ እሷም አለቀሰች።

አጥንት ድንጋይ ይመስለናል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ዕድሜ ልኩን ይሠራል። የጭቃ ቤት ግድግዳ አሮጌው ምርጊት እየተፋቀ በአዲስ እንደሚመረገው ማለት ነው። ወር አበባ ሲቆም ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ያኔ ፋቂው ይበረታል፤ መራጊው አይደርስበትም። ግድግዳው ይሳሳል።

ይህ የደረሰብሽ ሴት ስለሆንሽና አላህ ዕድሜ ስለሰጠሽ ነው። ያጠፋሽው የለም።

ከሁሉ ያመመኝ ስለ ሶላቱ የነገረችኝ ነው። ወንበር ላይ ሆነሽ ሰግደሽ ስትጨርሺ ረጅም ጊዜ መስገጃውን እያየሽ ትቀመጫለሽ አሉ። «ግንባሬ መሬት ሳይነካ» ብለሽ ነገሩን ሳትጨርሺው ተውሽው።

ፈቃዱን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለአሮጊቶቹ ወንበር እያቀረብሽ «ዲናችን ገር ነው» ስትያቸው የኖርሽ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሕጉን አልነግርሽም። የተፈቀደ ነገርም ያማል። ሱጁድ የለመደ ግንባር ሱጁድ ይናፍቀዋል። ናፍቆቱ ይቀመጥ፤ ማንም ተነሥ አይለውም።

ሐኪሙ ማጎንበስ የከለከለሽ የተጨፈለቀ አጥንት ወደ ፊት ሲታጠፍ ጫናው ስለሚብስበት ነው። እስከ መቼ እንደሆነ በየቀጠሮው እያየ ይነግርሻል። አሁን አትጠይቂው። አሁን ወንበሩ ላይ ብቻ ተቀመጪ።

«ሸክም ሆንኩባቸው» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ልጅሽ ጎንበስ ብላ ጫማሽን ስታደርግልሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ አሉ። ይህን በቃል ላስጥልሽ አልሞክርም። ሌላውን ሲያገለግል የኖረ ሰው መገልገል ይከብደዋል። ብቻ እጇን አትመልሺባት። እሷም የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል።

አሁን ስለ መድኃኒቶቹ ትንሽ ልበል። ከደከመሽ እዚህ ላይ ተይውና ቀሪውን ልጅሽ ታንብበው። ቅር አይለኝም።

ሐኪሙ ስማቸውን ጽፎ «አስቡበት» ብሏችኋል። እንቅልፍ የነሳሽ ይኸው «አስቡበት» ነው። ድሮ ሐኪም ያዛል፣ እኛ እንውጣለን። አሁን ምረጡ ስንባል፣ ባይሆን ጥፋቱ የኛ የሚሆን ይመስለናል። አይሆንም። በሕመም መካከል ሆኖ መምረጥ ራሱ ሌላ ሕመም ነው። ቀስ በይ።

ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ብታስቢበት የሚቀርብሽ የለም። ዓመቱ ግን እንዲሁ እንዳያልፍ። አንድ የጀርባ አጥንት ከተሰበረ በኋላ ሌላው የሚከተለው ይበልጡን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ካንቺ ደብቄ ስለማላውቅ ነው።

ልጅሽ «አጥንት የሚገነባው መርፌ ይሻላል አሉ» እያለች ትብሰለሰላለች። ልክ ነች። ቴሪፓራታይድ የሚሉት መራጊውን ራሱን የሚቀሰቅስ ነው። በ2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጥናት ላይ፣ እንዳንቺ ቀድሞ የጀርባ አጥንታቸው የተሰበረ ከ1,300 በላይ ሴቶች ለሁለት ዓመት ታዩ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ይወስዱ ከነበሩት ከመቶ 12ቱ አዲስ የጀርባ ስብራት ደረሰባቸው። መርፌውን ከሚወጉት ግን ከመቶ 5 ያህሉ ናቸው። ልዩነት የለውም ብዬ አልዋሻትም።

ግን በየቀኑ የሚወጉት መርፌ ነው። ቢበዛ እስከ ሁለት ዓመት። ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሮቢት ላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ። ሲያበቃም በሌላ መድኃኒት ካልተያዘ የተገነባው መልሶ ይሳሳል። ዋጋውን ሐኪሙ ሲናገር እጅሽ ወደ ወርቅ ጉትቻሽ ሄደ አሉ።

ጉትቻውን ተይው። የእናትሽ ነው።

ሮሞሶዙማብ የሚባለው ከሁሉ አዲሱ ነው። በወር አንዴ ለአንድ ዓመት ይሰጣል፤ መራጊውን ያበረታል፣ ፋቂውንም ይይዛል። ባለፈው ዓመት ውስጥ የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ስትሮክ ላገኘው ሰው አይሰጥም። ሐኪሙም ያንቺን ግፊት አይቶ ወደዚያ አላዘነበለም። እሱን እንለፈው።

ዴኖሱማብ በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። ሲሰሙት ቀላል ነው፤ መልካምም መድኃኒት ነው። አንድ ጠባይ አለው። ቀጠሮው ካለፈ፣ ወይም ሳይተካ ከቆመ፣ የተያዘው ፋቂ በአንዴ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ብዙ የጀርባ አጥንት ተከታትሎ የተሰበረባቸው ሰዎች አሉ። መንገዱ ስንቴ እንደተዘጋብን አስቢ። ስድስት ወር ቆጥሮ የሚመጣ መርፌ መንገድ መዘጋቱን አያውቅም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

አሌንድሮኔት ኪኒን ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ 70 ሚሊግራም። ርካሹም እሱ ነው። በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ፣ ሳይበሉ፣ ቡና ሳይቀምሱ መቆየት ነው። በረመዳን ለሱሑር ስትነሺ ቀድመሽ ውጠሽ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀሽ መብላት ትችያለሽ። ጉሮሮን ያቃጥላል ግን። አንቺ ደግሞ ዱሮም ቃር የማይለቅሽ ነሽ። ያን ግማሽ ሰዓት በዚህ ወገብ ቀጥ ብሎ መቀመጡንም ሐኪሙ ከግምት ማስገባት አለበት። ቃርሽን ነግረሽው ይሆን? ካልነገርሽው ንገሪው።

የቀረው ዞሌድሮኒክ አሲድ ነው። ዓመት አንዴ። እንደ ግሉኮስ ይሰቀልና በደም ሥር ይገባል፤ ከሩብ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ። ጉሮሮ አይነካም። ቤት የሚቀመጥ ነገር የለውም። ፍሪጅ አይጠብቅም፣ ልጅሽም መርፌ ይዛ በየቀኑ አትንቀጠቀጥም። በዓመት አንድ ቀን መንገድ ከተከፈተልን ይበቃል።

እና ልጅሽ «የድሃ ምርጫ ነው» እንዳትል። በ2007 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውጤቱ የታወቀው ጥናት ከ7,700 በላይ ሴቶችን ሦስት ዓመት ተከታትሏል። ይህን የወሰዱት የጀርባ ስብራታቸው ካልወሰዱት በ70 ከመቶ ቀነሰ፤ የዳሌው ደግሞ በ41 ከመቶ። የተሻለው ስላልደረሰን መቆጨታችን ሐቅ ነው፤ እኔንም ይቆጨኛል። ይህም ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

አስቀድሞ የሚደረጉ አሉ። ኩላሊትሽ በደም ይታያል፤ ከደከመ ይህ አይሰጥሽም። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ይለካሉ፤ ጎዶሎ ከሆኑ መጀመሪያ ይሞላሉ። ጨፋ ፀሐይ ሞልቶ ቫይታሚን ዲ ይጎድላል ወይ እንዳትይ። ተሸፍነን የምንኖር ሴቶች ነን፤ አንቺ ደግሞ ከተሰበርሽ ወዲህ ለሐኪም ካልሆነ ከቤት አልወጣሽም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወንበር ያውጡልሽ። ወተት እንደሁ ከብት አገር ነሽ፣ አላስተምርሽም።

የመጀመሪያውን ከወሰድሽ በኋላ ባሉት ቀናት ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ራስ ምታት ሊይዝሽ ይችላል። የጨፋ ሰው ሲያተኩሰው «ወባ ነው» ማለቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒቱ ነው፤ በፓራሲታሞልና በውሃ ይበርዳል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲህ አይበረታም። ከሦስት ቀን ካለፈ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ይዩልሽ። ወባም በራሷ ጊዜ መምጣቷን አትተውምና።

ጎረቤትሽ «መንጋጋ ያበሰብሳል» ያለችሽን ልጅሽ ነግራኛለች። ከመሬት ተነሥታ አላወራችም፤ የሚደርስ ነገር ነው። ግን ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን በዓመት ከአሥር ሺህ ሰው አንድ ቢደርስበት ነው፤ ከዚያም ያነሰ ነው የሚሉ አሉ። የሚነቀል ጥርስ ካለሽ ከመድኃኒቱ በፊት አስነቅዪ። ዓመታት ከወሰድሽ በኋላ ደግሞ ጭንሽን ወይም ብሽሽትሽን ያለ ምክንያት ካመመሽ ዝም አትበዪ፤ አልፎ አልፎ የጭን አጥንት የሚሰነጠቅበት አለና።

እኔን ብትጠይቂኝ፣ ኩላሊትሽ ከፈቀደ፣ ልቤ ወደ ዓመቱ መርፌ ያዘነብላል። ሐኪሙ የሚያየው እኔ የማላየውን ነው። ሌላውን ብትመርጪም አብሬሽ ነኝ። ዛሬ ምንም አልመርጥም ብትዪም አብሬሽ ነኝ።

መድኃኒቱ ምን እንደማያደርግም ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ይሻላል። የሄደውን ቁመት አይመልስም። የታጠፉት ቀሚሶች እንደታጠፉ ይቆያሉ። ዛሬ የሚያምሽንም ሕመም በቀጥታ አያቆመውም። እሱ ለሚመጣው ነው።

የዛሬው ሕመም የራሱ ጊዜ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፣ አሥራ ሁለትም ይሞላል። አንዳንዱ ቀን ተሽሎት ውሎ በነጋታው ይብሳል። በባሰበት ቀን «ተመለስኩ» አትበዪ። ማስታገሻሽን በሰዓቱ ውሰጂ፤ ሕመምን ጥርስ ነክሶ መቻል ጽድቅ አይደለም። እግርሽ ቢደነዝዝ ወይም ቢዝል፣ ሽንት ቢያስቸግርሽ ግን ለሊትም ቢሆን ከሚሴ ሆስፒታል ይውሰዱሽ። ቀጠሮ አይጠበቅም።

ወጌሻው ሊያሽሽ መጥቶ ልጅሽ ቡና አጠጥታ መለሰችው አሉ። ጎሽ! ስንቱን የወለቀ ክንድ መልሷል፣ እኔም አከብረዋለሁ። ጀርባሽን ግን አይንካው። ባጃጅም ይቅርብሽ፣ ያንገጫግጭሻል።

«ብቻሽን አይደለሽም» አልልሽም። ቀን ቀን አይደለሽም፤ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ለሊት ሁሉም ሲተኛ፣ ከጎን ወደ ጎን ለመዞር ትንፋሽሽን ስትይዢ፣ ያኔ ብቻሽን ነሽ። እዚያ ማንም ሊገባልሽ አይችልም። ብችል እገባልሽ ነበር።

ስልክሽን ትራስሽ ሥር አድርጊ። ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ደውዪ። ምን ላውራ ብለሽ አትጨነቂ። አንቺም ዝም ትያለሽ፣ እኔም ዝም እላለሁ። ሲነጋ እንዘጋዋለን።

ወዳጃ ላይ ሴቶቹ ዱዓ እያደረጉልሽ ነው፤ ልጅሽ ነግራኛለች። አንቺ ራስሽ ዱዓ ማድረግ ካቃተሽ፣ አንዳንድ ቀን ያቅታል፣ እነሱ ያድርጉልሽ። «አሚን» ማለት ከከበደሽም ተይው።

ከቀጠሮሽ ቀደም ብዬ ልጠይቅሽ እመጣለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቤት ስገባ እንዳትነሺ። ልትቀበዪኝ ብለሽ ከወገብሽ ጋር ስትታገዪ ማየት አልፈልግም። ከተኛሽበት ሰላም በዪኝ። ማልቀስ ከፈለግሽ እናለቅሳለን፤ ስለ አጥንት ወሬ ከሰለቸሽ ስለ ማሾ ዋጋ እናወራለን፤ አዲስ አበባ ስንት እንደገባ ብነግርሽ ትስቂያለሽ።

ከዚያ ለቀጠሮው ደሴ አብረን እንወጣለን። መኪናውን ተነጋግሬያለሁ። የፊቱ ወንበር ያንቺ ነው፣ ለጀርባሽ ትራስ ይዤልሻለሁ፣ ሾፌሩንም ቀስ እንዲል አደራ ብዬዋለሁ። የድሮዎቹን ራጆችና የምትወስጃቸውን የግፊት ኪኒኖች ልጅሽ በአንድ ፌስታል ትያዝ። ሐረጎ ላይ ስንወጣ ካመመሽ ንገሪኝ፤ በየጠመዝማዛው ቢሆንም እናቆማለን።